የማይመለሰው ኮፒ፦ ለክልላችን ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የአዲስ ምሩቃን የሥራ ምዝገባና የሥራ ልምድ አጠያየቅ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ብዙም በማይርቅ ቦታ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። ቤቷ ጠባብ ናት። አንድ የኮፒ ማሽን፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ደንበኛ የሚቀመጥባት አግዳሚ አለች። ሥራ ፈላጊ ሳላስተናግድ የምውልበት ቀን የለም። ሲቪ እጽፋለሁ። ማመልከቻ እጽፋለሁ። ማስረጃ ኮፒ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ልጆቹ ራሳቸው ስለማይጽፉት ነው። ነገ የሚያመለክቱት እዚያው ስለሆነ ስማቸው በክፉ እንዳይያዝ ይፈራሉ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እንጀራዬ ከዚሁ ወረቀት ነው። የምጠይቃችሁ ነገር ከተፈጸመ ገቢዬ ይቀንሳል። ይህን አውቄ ነው የምጠይቀው።

የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ቋንቋ በቃሌ ነው። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት ተከታታይ የሥራ ቀናት፣ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ኮፒውን ይዛችሁ በአካል በመቅረብ መመዝገብ ትችላላችሁ» ይላል። መሥሪያ ቤቱ ይለያያል እንጂ ቃሉ ያው ነው።

የማይመለስ ኮፒ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከማሽኔ አጠገብ ቆማችሁ ብታዩልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጊዜያዊው ዲግሪ፣ ልጆቹ ቴምፖ የሚሉት፣ አንድ ገጽ ነው። ስቱደንት ኮፒው፣ የየዓመቱ ውጤት ዝርዝር፣ ሁለት ገጽ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለተመረቀ የመውጫ ፈተና ውጤት አንድ ገጽ። የ12ኛ ክፍል ውጤት አንድ፤ የቆየ ተመራቂ ከሆነ የ10ኛ ክፍልም ይጨመራል። መታወቂያ አንድ። ማመልከቻና ሲቪ ደግሞ ሦስት ገጽ ይሆናሉ። እኔ ጋ ኮፒ በገጽ 5 ብር፣ ፕሪንት 10 ብር ነው። ወረቀቱ ብቻ 60 ብር አካባቢ ይመጣል። በዚያ ላይ ጉርድ ፎቶ አለ። የባጃጅ አለ። ከመራዊ ወይም ከሐሙሲት ለሚመጣ የመኪና ደርሶ መልስ አለ። ከዘጌ ለምትመጣ ልጅ የጀልባ አለ። ምሳ የሚበላ ከሆነ ምሳም አለ። ይህ ሁሉ ለአንድ ማስታወቂያ ነው። በወር አምስት ቦታ ካመለከተ አምስት ጊዜ ያወጣዋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ቡናና ጌሾ ሸጣ ካስተማረችው እናቱ ኪስ ነው። ልጁ ተመርቆ ቤት ገብቷል። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሏታል። አሁን ደግሞ ለኮፒ ብር ስጪኝ ማለት አለበት። አግዳሚዋ ላይ ተቀምጠው ለቤተሰብ ስልክ ሲደውሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔም ማሽኑን እያስነሳሁ እንዳልሰማ እሆናለሁ።

አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ከዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ በምህንድስና የተመረቀ የመራዊ ልጅ ነው። ምዝገባው አምስት የሥራ ቀን ነበር። መንገድ ተዘግቶ ሦስቱ ቀናት አለፉ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ከተማ ገባ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ዋናው ዲግሪህስ?» ተባለ። ዋናው ዲግሪ የወጪ መጋራት ዕዳ ሳይከፈል አይሰጥም። ዕዳው የሚከፈለው ደግሞ ከደመወዝ ነው። ደመወዝ የሚገኘው ሥራ ሲገኝ ነው። ልጁ ይህን ለማስረዳት ሞከረ። ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ይዘህ ና ተባለ። በአምስተኛው ቀን ደብዳቤውን ይዞ ወደ እኔ እየሮጠ መጣ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ጄኔሬተር ያለው ቤት ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ፣ ኮፒ አስደርጎ ሲደርስ 11 ሰዓት ተኩል ሆነ። መስኮቱ ተዘጋ። ተመልሶ መጥቶ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አስተካክሎ ፌስታል ውስጥ ከተታቸው። አንዲት ቃል አልተናገረም።

ይህ ልጅ በችሎታው አልወደቀም። ማንም አልፈተነውም። የወደቀው ወረቀት ሲያመላልስ ነው።

እነዚያ ኮፒዎች የት እንደሚደርሱም ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት ጣና ዳር ተቀምጬ ከአንድ ሕፃን ልጅ ለውዝ ገዛሁ። ለውዙን ስጨርስ የተጠቀለለበትን ወረቀት ገለጥኩት። ስቱደንት ኮፒ ነበር። የአንዲት ልጅ ሙሉ ስም፣ መለያ ቁጥር፣ የአራት ዓመት ውጤት ከነፎቶዋ። ብዙ ኤ ነበራት። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደወጣ አላውቅም፤ ማወቁም አይጠቅመኝም። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። መጣል አልሆነልኝም። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የማይመለስ ኮፒ ሲባል በሰማሁ ቁጥር የምትታየኝ እሷ ናት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው። ለምዝገባ ኮፒ አይጠየቅ። ስም፣ ስልክ፣ የትምህርት ዓይነት፣ የምረቃ ዓመት፣ አማካይ ነጥብና የመውጫ ፈተና ውጤት የሚሞላባት አንዲት ገጽ ፎርም ትበቃለች። በስልክ ይሞላት፣ በቴሌግራም ይላካት፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይስጣት፣ ሁሉም ይቻል። ማስረጃው የሚመሳከረው ፈተናውን ላለፉት ብቻ ይሁን። ለአንድ ቦታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲመዘገቡ የሁሉንም ዲግሪ ማገላበጥ ለእናንተ ሠራተኞችም ድካም ነው። ውሸት የሞላ ከተገኘ ያን ጊዜ ይሰረዝ፤ በሕግም ይጠየቅ።

ኢንተርኔት ብቻ ይሁን ግን አልልም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ምን እንደሆንን እናውቃለን። ያን ጊዜ ቴሌግራም የለ፣ ምን የለ። እኔ ሰሌዳ ላይ ያየሁትን ማስታወቂያ በእጄ ገልብጬ በሬ ላይ እለጥፍ ነበር። ልጆቹ መጥተው በእስክሪብቶ ይጽፉት ነበር። ስለዚህ መስኮቱም ይኑር፣ ስልኩም ይኑር። መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ደግሞ ከምዝገባ ቀን አይቆጠሩ።

ሁለተኛው የሥራ ልምድ ነገር ነው። ይሄ የራሴም ቁስል ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

በ2009 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመረቅሁ። እንደ ሁሉም ሰው ማስታወቂያ አሳደድኩ። «0 ዓመት» የሚል ስናይ እኔና ጓደኞቼ የሠርግ ጥሪ የደረሰን ያህል ደስ ይለን ነበር። ብዙው ግን ሁለት ዓመት ይላል፣ አራት ዓመት ይላል። ልምድ ላግኝ ብዬ አንድ የግል ንግድ ቤት ሒሳብ ያዥ ሆኜ ገባሁ። አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሠራሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ግን ሥራውን በደንብ ተማርኩበት። ስወጣ የልምድ ማስረጃ ጠየቅሁ። ጽፈው ሰጡኝ። ይዤው ለመንግሥት ሥራ ስቀርብ «የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤስ?» ተባልኩ። ተመልሼ ሄድኩ። ቀጣሪዬ ለካ በስሜ አንድም ቀን ግብር አስገብቶ አያውቅም። ያ ሁሉ ወር እንዳልተሠራ ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ ነው በእቁብ ብር ይህችን ቤት የከፈትኩት። ቤቴን እወዳታለሁ። የተማርኩት ግን ለሒሳብ ሥራ ነበር።

ዛሬም ይኸው ነው። ልጆቹ በየሱቁ፣ በየሆቴሉ፣ በየግል ትምህርት ቤቱ ያለ ውል ይሠራሉ። ዓመት ሁለት ዓመት ይለፋሉ። ከዚያ ልምዳቸው አይያዝም።

ከደመወዝ ላይ ግብር ቆርጦ ገቢ የማድረግ ግዴታ የቀጣሪው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። ሁለቱም ግዴታዎች የአሠሪው ሆነው ሳለ ባልተፈጸሙ ጊዜ የሚቀጣው ሠራተኛው ነው። ልጁ ምን ያድርግ? የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ቀጣሪውን «ግብር ከፍለህልኛል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ በማግሥቱ ሥራ የለውም። መጠየቅ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ግብሩ አልተከፈለም ከተባለ ጉዳዩ ወደ ገቢዎች ይመራ፤ የልጁ ልምድ ግን በውል፣ በደመወዝ መክፈያ ወይም በባንክ ዝርዝር ከተረጋገጠ ይያዝለት።

የተግባር ልምምድም አለ። የምህንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት ወራት ያህል ሥራ ቦታ ይወጣል። ሪፖርት ይጽፋል። ድርጅቱ ማኅተም አድርጎ ውጤት ይሰጠዋል። ሪፖርቶቹን ፕሪንት የማደርገው እኔ ስለሆንኩ አያቸዋለሁ። ሳይት ላይ ቆመው የለኩትን፣ ያሰሉትን፣ የተሳሳቱትንም ሳይቀር ጽፈውታል። ያ ለምን ዜሮ ይባላል? ሙሉ ዓመት ይሁን አላልኩም። የሠሩት ወር በወር ቁጥሩ ይያዝ።

ይህ ነገር የልጆቹን የወደፊት ምርጫ ሁሉ ያጣምመዋል። «እታለም፣ ምን ይሻለኛል?» ይሉኛል፤ ሲቪ ሳስተካክልላቸው። ባንክ ልጠብቅ ወይስ ያገኘሁትን ልግባ? ባንኩም ዋስ አምጣ ይላል። አዲስ አበባ ልሂድ? በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሄደውስ ማን ቤት ያርፋሉ? አንዳንዶቹ ሥራ ከማጣት ብለው ማስተርስ ይገባሉ። ከዚያ ሁለት ዲግሪና ዜሮ ልምድ ይዘው ይመጣሉ። ይባስ ብሎ ዲግሪውን ደብቆ በ12ኛ ክፍል ማስረጃ የተወዳደረ አለ። ሲቪውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። «ዩኒቨርሲቲ የሚለውን አውጪው» አለኝ። አወጣሁት። የአምስት ዓመት ትምህርት አንድ ቁልፍ ተጭኜ ስሰርዝ እጄ ከበደኝ።

ለዚህ ሁሉ መልስ ስጡ አልላችሁም። የሥራ ቦታ ከየትም ፈጥራችሁ አታመጡም፤ የክልላችንንም ሁኔታ እናውቃለን። እኔ የምለው በእጃችሁ ስላለው ነገር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄዬ አጭር ነው። ውጤት ለሁሉም ይነገር። ዛሬ የሚለጠፈው ያለፈው ስም ብቻ ነው። የወደቀው ስንት እንዳመጣ አያውቅም። ባለማወቁ ሁለት ነገር ያስባል። አንድም «እኔ አልረባም» ይላል፤ አንድም «ሰው ያለው ነው የገባው» ይላል። ሁለቱም ልብ ይሰብራሉ። 61 አምጥቶ 64 ያመጣው እንደቀደመው ቢያውቅ ግን ሄዶ ያነባል። የሁሉም ውጤት በመለያ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይውጣ። ስም ማውጣት እንኳ አያስፈልግም።

ከየትኛው መሥሪያ ቤት ይጀመር ብትሉ ከራሳችሁ ጀምሩት። የሚቀጥለውን ማስታወቂያ «የማይመለስ ኮፒ» የሚለውን ቃል አውጥታችሁ ለጥፉት። በአንድ ዙር ሞክሩትና ምን እንደጎደለ እዩ። ፎርሟን ካወጣችሁልን እኔ ስልክ ለሌለው፣ ዓይኑ ለደከመ፣ ኮምፒውተር ለማያውቅ ሁሉ ያለ ክፍያ እሞላለሁ። አጠገቤ ያሉትን ጽሕፈት ቤቶችም አነጋግሬ ሁለቱ እሺ ብለውኛል።

የመራዊው ልጅ ትናንት መጥቶ ነበር። ሌላ ማስታወቂያ አይቶ ነው። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። መብራት ቢጠፋ ብሎ ኮፒውን አስቀድሞ አስደረገ፤ ሦስት ሦስት አድርጊልኝ አለኝ። ብሩን አልተቀበልኩትም።

ከሰላምታ ጋር፣
የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ሥራና ሥልጠና ቢሮ
ባሕር ዳር