ለሚሚዬ፣ ስለ ጋሼው ጉዳይ

ሚሚዬ እንዴት ነሽ፣ ማታ በስልክ ስታለቅሺ ዝም ያልኩሽ የራሴ ጉድ ትዝ ብሎኝ ነው። ጋሼው አንቺ ስር ይሰራል እንጂ በእድሜ አባትሽ ይሆናል፣ ሪፖርቱን ባበላሸ ቁጥር አንቺ እያመሸሽ ታስተካክዪለታለሽ አይደል?

እኔም ስቶር ሀላፊ እያለሁ አንድ ልጅ ነበረ፣ ቢን ካርዱ (የእቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) እና መደርደሪያው ላይ ያለው እቃ ተገናኝቶ አያውቅም፣ በሞዴል 22፣ በእቃ ማውጫ ደረሰኙ ማለቴ ነው፣ እቃ ያወጣና ከካርዱ መቀነሱን ይረሳዋል። ሁሉም ከወጣ በኋላ ቁጭ ብዬ የማስተካክለው እኔ። የአፈጻጸም ፎርም ሲመጣ ደግሞ ሚስቱ አራስ ናት፣ እድገቱን ላስቀርበት እንዴ እልና "በጣም ጥሩ" እሞላለሁ፣ ይሄ ይሉኝታ የሚባል ነገር! ኋላ ቆጠራ መጥቶ ጉድለት ሲወጣ ደሜ ፈላ፣ ይባረርልኝ ብዬ ሰው ሀይል ሄድኩ። ሰውየው ፋይሉን ከፍቶ ሶስት ፎርም ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ፣ ፊርማው የማን ነው? የኔ። ልጁ ደግሞ ምን አለኝ መሰለሽ፣ "እትዬ አንድ ቀን እንኳን ነግረውኝ ያውቃሉ?" ሌላ ክፍል አዛወሩት። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፣ ቀና ብዬ የማላየው እኔ ነኝ።

ያንቺ የግል ድርጅት ስለሆነ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ በአዋጅ 1156/2011 ነው የሚሄደው፣ ስራውን አልቻለም ለማለት በየጊዜው የተሞላ ግምገማ ይፈልጋል፣ ማርፈድ እንኳን በጽሁፍ ተነግሮት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ካልሆነ ወዲያው አያስባርርም። ስለዚህ ፎርሙ ላይ እንዳትዋሺ።

ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ግን እንዳታነሺው፣ በዛ እድሜ ሰው ፊት ከተነካ አለቀ። ቢሮ ጥሪው፣ ሻይ አስመጪ፣ አንቱታውን አትተይ፣ የተሳሳቱትን ሁለት ሪፖርቶች ፊቱ አድርጊና የቱ ጋ እንደተበላሸ አሳዪው፣ "ትንሽ ጠንከር ይበሉ ጋሼ" ብለሽ አድበስብሰሽ እንዳትወጪ። ምን እንደቸገረውም ጠይቂው፣ እድሜ ልኩን በእጅ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፣ ኤክሴሉ ይሆናል ያስቸገረው፣ ከሆነ የሚያሳየው ልጅ መድቢለት። እስከመቼ እንደምትጠብቂ ቀን ቁረጪና የተነጋገራችሁትን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ካልተሻለው ያኔ እጅሽ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ያየሽውን ትሞያለሽ።

የዛሬውን ሪፖርት ግን እንዳትነኪው፣ እንደተሳሳተ ይደር። በልተሽ ተኚ።

እናትሽ