የፊርማውን ሳይሆን የአበባ ማስቀመጫውን መቀመጫ ፎቶ ላኪልኝ

ይድረስ ለውድ ልጄ ለማኅሌት፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የፈረንሳዪቱ ናንሲ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የናንሲው መስታወት ሠሪ የኤሚል ጋሌ እውነተኛ ሥራ መሆኑን እንዳይልሽ የላክሽልኝን ፎቶዎች አየኋቸው። የአበባ ማስቀመጫው ያምራል፣ አልዋሽሽም። ግን የኔ እናት፣ ሁሉም ፎቶ የፊርማው ነው፤ መቀመጫውን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈውን ታችኛውን ክፍል፣ የሚያሳይ አንድም የለም። «ጋሌ» ብሎ መጻፍ ማንንም አያቅተውም። ዕቃ የሚታየው ከታች ተጀምሮ ነው፤ መጀመሪያ መቀመጫው፣ ቀጥሎ ከንፈሩ (የአፉ ጠርዝ)፣ ከዚያ መስታወቱ ራሱ፣ ፊርማው መጨረሻ። ከፊርማው ከጀመርሽ ዓይንሽ የቀረውን ጉድለት ሁሉ ይቅር እያለ ያልፈዋል።

መቀመጫውን ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብለሽ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር እዪው። ዕቃው ለብዙ ዓመት ጠረጴዛና ቡፌ ላይ ሲገፋ ከኖረ ጭረቱ ያለው ጠረጴዛውን በሚነካው ዙሪያ ላይ ነው። አንዱ ጭረት ረጅም፣ ሌላው አጭር፣ አቅጣጫቸውም የተዘበራረቀ ይሆናል። በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ከሆነ ግን ጭረቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ውፍረት ኖሮት ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ ጠረጴዛ በማይደርስበት ጎድጓዳ መሃል ሳይቀር ታገኚዋለሽ። እዚያው ሳለሽ መሃሉ ላይ የተደፈነ ቀዳዳ እንዳለ ፈልጊ። ብዙ የአበባ ማስቀመጫ የጠረጴዛ መብራት እንዲሆን ተበስቶ፣ በኋላ ለሽያጭ ሲቀርብ ቀዳዳው ተደፍኗል። በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲበራበት ሙጫው ብዙ ጊዜ ከመስታወቱ በተለየ ቀለም ያበራል።

ባካራ የሚባለውን የፈረንሳይ ክሪስታል (እርሳስ የሚባለው ብረት የተቀላቀለበት መስታወት) ፋብሪካ ማኅተምም የምታጣሪው በዚሁ ጭረት ነው። ፋብሪካው ከ1936 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እየጻፍኩልሽ ነው) በአሲድ የታተመ ክብ ምልክት ያደርግ ነበር፤ መሃል ላይ ካራፍ (የመጠጥ ማቅረቢያ የመስታወት ዕቃ)፣ ግራና ቀኙ ባለ እግር ብርጭቆና እግር የሌለው ብርጭቆ አለ። እውነተኛ ማኅተም ከጭረቱ ስለሚቀድም ጭረቶቹ በላዩ ላይ አቋርጠው ያልፋሉ። ማኅተሙ በጭረቶቹ ላይ ተደርቦ ካየሽው በኋላ የመጣ ነው። ከ1936 በፊት ግን ፋብሪካው በብዛት የሚለጥፈው ወረቀት ነበር፤ ወረቀት ደግሞ በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል። ስለዚህ ምልክት የሌለው ባካራ ብዙ ነው። ሻጩም ካላወቀው በርካሽ የሚገኘው እሱ ነው።

ከንፈሩን በዓይን ብቻ አትመኚው፤ በጥፍርሽ ዙሪያውን ሂጂበት። የተሸረፈ ከንፈር ሲያጋጥማቸው ሞርደው ዝቅ ያደርጉታል፤ ሥራው ጥሩ ከሆነ ላይታወቅሽ ይችላል። የሚያጋልጠው ጌጡ ነው። በተቀረጸ ክሪስታል ላይ ማራገቢያ የሚመስለው ቅርጽ ጫፉ ሳይዘጋ ከንፈሩ ላይ ድንገት ይቆማል፤ በጋሌ ሥራ ላይ ደግሞ የአበባው አናት ይቆረጣል። ጋሌ አበባ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም፤ የተማረው ዕፅዋት ነው።

አሁን ወደዚያ ወደ ጋሌሽ ልምጣ። ሰውየው የሞተው በ1904 ሲሆን ፋብሪካው ከሱም በኋላ እስከ 1930ዎቹ ሠርቷል፤ እሱ ከሞተ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ከስሙ ጎን ትንሽ ኮከብ ይጨመር ነበር። ችግሩ እሱ አይደለም። ችግሩ ሩማንያ ውስጥ በሱ ስልት የሚሠሩት ናቸው። ሠሪዎቹ ከስሙ አጠገብ ሦስት ፊደል ጨምረው «ቲፕ» (TIP) ይላሉ፤ የጋሌ ዓይነት ነው ለማለት ነው፤ እነሱ አላታለሉም። የሚያታልለው ሦስቱን ፊደል ሞርዶ የሚሸጠው ነው። ስለዚህ ከፊርማው በፊትና በኋላ ያለውን ቦታ በጣትሽ ዳብሺው። ትንሽ ጎድጎድ ያለ፣ ከአካባቢው ይልቅ የለሰለሰ ወይም የሚያብረቀርቅ ቦታ ካገኘሽ ዕቃውን አስቀምጪና ወደ ቤትሽ ሂጂ።

የሥራውን ዓይነት ካወቅሽ መለየቱ ይቀልሻል። መስታወቱ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቀለም ተደራርቦ ይነፋል። አበባውና ቅጠሉ አሲድ እንዳይነካቸው ይሸፈኑና ዕቃው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ውስጥ ይገባል፤ ያልተሸፈነው ቀለም ይበላል። ሽፋኑ ተቀይሮ እንደገና ሲነከር ሌላ ደረጃ ይወጣል። በአጉሊ መነጽር ቅጠሉ የሚያልቅበትን ጠርዝ ብታይ ቀለሙ ቀስ እያለ ይሳሳል፤ ጥቁር ቡናማው ወደ ማር ቀለም ይሄድና ከታች ካለው ነጣ ያለ መደብ ጋር ይገናኛል። ጠርዙ ራሱ ለስለስ ያለ ነው። በአሸዋ ግፊት የተሠራው ርካሹ ግን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጠርዝና እንደ ስኳር እኩል የሆነ ሻካራ መደብ አለው። ቀለም የተቀባ ብቻ ከሆነ ከንፈሩ ላይ በጎን ስታዪው ንብርብሩ የለም።

ክሪስታል መሆን አለመሆኑን በድምፅ የሚለዩ አሉ፤ በጥፍር መታ አድርገው «ስሚ እንዴት እንደሚዘምር» ይሉሻል። ወፍራም የአበባ ማስቀመጫ እርሳስ ቢኖረውም እምብዛም አይዘምርም። ድምፁ የሚጠቅመው ለሌላ ነው፤ የሻከረ፣ የሚርገበገብ ድምፅ ከሰጠ የተደበቀ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል።

በሚዛን መለየት ይሻላል። በአውሮፓ ደንብ የእርሳስ ክሪስታል ለመባል ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድና 2.9 እፍጋት (ዕቃው ከእኩል ይዘት ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ) ያስፈልጋል፤ 30 በመቶ ላለው ደግሞ 3.0። ተራ መስታወት 2.5 አካባቢ ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ደረቁን መዝኚ። ከዚያ በግማሽ ውሃ የሞላ ባልዲ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሺው። ዕቃውን በዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ክር አስረሽ ሙሉ በሙሉ እስኪሰምጥ አንጠልጥዪው፤ የባልዲውን ወለልና ጎን መንካት የለበትም። ደረቁን ክብደት ሚዛኑ አሁን ለሚያሳይሽ ቁጥር አካፍዪው። ደረቁ 1830 ግራም ሆኖ በውሃው ውስጥ 600 ካሳየሽ 3.05 ነው፤ ክሪስታል ነው። 730 ካሳየሽ ግን 2.5 ነው። የሚያሳስተው አየር ነው፤ በተቀረጸው ቦይ ውስጥ የተያዘ አረፋ አካፍለሽ የምታገኚውን እፍጋት ያወርደዋል፤ ዕቃውን ገልበጥበጥ አድርገሽ አውጪው። የኩሽና ሚዛን ብዙ ጊዜ የሚሸከመው 5 ኪሎ ስለሆነ ውሃው ከነባልዲው እንዳይበዛ።

እፍጋቱ ማን እንደሠራው አይነግርሽም፤ የቦሄሚያም (የቼክ አገር) ክሪስታል እርሳስ አለው። ላሊክ በሚባለው የፈረንሳይ መስታወት ላይ ግን በጣም ይጠቅማል። ሬኔ ላሊክ እስከሞተበት እስከ 1945 ድረስ የሚሠራው እርሳሱ አነስ ያለ መስታወት ነበር፤ ፊርማውም ከ«ላሊክ» በፊት «አር» የሚል ፊደል አለው። ልጁ ማርክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ክሪስታል ቀየረው፤ ያ ፊደልም ቀረ። «ባካንት» የሚባለው በ1927 የወጣው የአበባ ማስቀመጫ ዛሬም ይሠራል፤ ስለዚህ አዲሱ ላይ ፊደሏን ጭሮ እንደ ጥንቱ መሸጥ የተለመደ ነው። ባለ «አር» የሆነ ዕቃ 3.0 ካሳየሽ ፊደሏ በኋላ የመጣች ናት።

ውስጡ ጭጋግ ያለበትን ዕቃ በተመለከተ፣ ጭጋጉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከውሃ የተረፈ ኖራ ነው፤ ይለቃል። ሌላው ውሃው ለዓመታት ቆሞበት መስታወቱን የበላው ነው፤ ማሽን ገብቶ ካልወለወለው አይለቅም። ሻጩ ዘይት ቢጤ ቀብቶት ከሆነ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ጣትሽ ከተንሸራተተ ወይም ውሃ ጠብ ስታደርጊበት ተንከባሎ ከሄደ ተቀብቷል። እርጥብ ዕቃም አትግዢ፤ ሲደርቅ ጭጋጉ ይመለሳል። ቤት ስትደርሺ በለብታ ውሃና በዕቃ ሳሙና እጠቢው፤ ከዚያ አቼቶና ውሃ እኩል ደባልቀሽ ሙዪና አሳድሪው። አቼቶው ከሸተተሽ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 30 ግራም ሲትሪክ አሲድ ለጥቂት ሰዓት ይበቃል። ሁለት ሌሊት አድሮ ካልለቀቀ የተበላ ነውና ተዪው፤ አሲድ ለሳምንት ማቆየት ክሪስታሉን ራሱን ይጎዳል። ወርቅ ቅብ ወይም የኢናሜል ሥዕል ያለበት ላይ አቼቶም ሲትሪክም አይነካም። ፈላ ውሃ፣ የብረት ሽቦና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ለማንኛቸውም አይሆኑም።

ለጀማሪ የምመክርሽ በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተሠራውን ቀለም የሌለውን የናንሲውን የዳውም ፋብሪካ ክሪስታል ነው፤ በትኩስነቱ እንደተሳበ የቀረ ወፍራም ቅርጽ አለው። ከጦርነቱ በፊት የነበረው «ዳውም ናንሲ» ይላል፣ ባለ ሁለት አግዳሚው የሎሬን መስቀልም አለበት፤ የኋለኛው «ዳውም ፍራንስ» ነው። ለኋለኛው የሚለፋ አስመሳይ ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ለተማሪ የሚቀመስ ነው። ከተማሽ ውስጥ ደግሞ የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ምድር ቤት የዳውም ስብስብ አለ፤ «የናንሲ ትምህርት ቤት» የሚባለው የሥነ ጥበብ እንቅስቃሴ ሙዚየም ደግሞ ጋሌን ያሳይሻል። ሐራጅ ቤት ስትሄጂ ከሽያጩ በፊት ባለው የማሳያ ቀን ዕቃውን አውጥተው በእጅሽ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ ይፈቅዳሉ። በመዶሻው ዋጋ ላይ ሩብ ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ክፍያ እንደሚጨመርም አትርሺ።

ለፋሲካ ስትመጪ ያቺን ትንሿን ዳውም ይዘሽልኝ ነይ። ውስጧን በለስላሳ ወረቀት ሙዪው፣ ግን አትጠቅጥቂው፤ ከንፈሯን የሚሰብረው ከውስጥ የሚገፋ ነው። በባለ አየር ፕላስቲክ ጠቅልለሽ ትንሽ ካርቶን ውስጥ፣ ያንን ደግሞ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት በሚተርፍ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ክተቺ፤ ክፍተቱን አጥብቀሽ ሙዪው። ፕላስተር ከመስታወቱ ጋር አይገናኝ። ባቡር ላይ ከእግርሽ ሥር ትሁን እንጂ ከላይ መደርደሪያው ላይ አትስቀዪያት። ቤት ስትገቢም ከብርድ ስለመጣች ካርቶኑ ሳይከፈት አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ።

እናትሽ