ፈረስ የሌለበት አማርኛ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሽልኛል? የላክሽልኝን ረቂቅ ሁለቴ አነበብሁት። ከስፔኖች በፊት ፔሩን ይገዙ ከነበሩት ከኢንካዎች አንድ መልእክተኛ፣ የዋና ከተማቸው የኩስኮ መንገድ፣ ጎተራ የሚያጎድል ሹም፤ ከ9 እስከ 12 ዓመት ላለ አንባቢ ይበቃል፣ ሌላ ነገር አትጨምሪበት። የሚታረመው ታሪኩ ሳይሆን አማርኛው ነው። ስለ ኢንካዎች ያነበብሽው ልክ ሆኖ ሳለ፣ ብዕርሽ ውስጥ ሳታውቂው አገርሽ እየገባብሽ ነው።

ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እንነሣ። «ሰኔ ገባ፣ ሰማዩ ጠቆረ» ብለሻል። ይህ የእኛ ሰኔ ነው። ኩስኮ ከምድር ወገብ በስተደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚያ ዋናው ዝናብ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው፤ ሰኔ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። አርመሽ ብቻ አትለፊው፣ ሥሪበት። ቹኞ የሚዘጋጀው በዚሁ ወቅት ነው፦ ድንቹ ደጋው ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ያድራል፣ ውርጭ ይመታዋል፣ ቀን ፀሐይ ሲያላላው በባዶ እግር ይረገጣል፣ ውኃው ይወጣል፣ ተመልሶ ይሰጣል። ጥቂት ሌሊትና ቀን እንዲህ ከተፈራረቀበት በኋላ ደርቆ እንደ ጠጠር ይሆናል፣ ለዓመታትም ሳይበላሽ ይቀመጣል። «ቹኞ ማለት የደረቀ ድንች ነው» የሚለውን ሰርዢና ልጅቷን፣ የመልእክተኛውን እኅት፣ አስረግጫት። ትርጉሙን አንባቢው በእግሯ ያገኘዋል።

ሯጩን የ10 ዓመት ልጅ አድርገሽዋል። ቻስኪዎቹ፣ ማለትም የኢንካ መልእክት ሯጮች፣ ለሩጫው የሠለጠኑ ወጣት ወንዶች ነበሩ። የዋና ገጸ ባሕርይሽን ዕድሜ ማሳደግ ካልፈለግሽ እኅቱን አስቀድሚ። የአንዲስ ተወላጁ ጸሐፊ ጉዋማን ፖማ 1615 እ.ኤ.አ. ገደማ በጨረሰው፣ ወደ 400 የሚጠጉ ሥዕሎች ባሉት መጽሐፉ ውስጥ፣ በዚያ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ልጆች ለሱፍ ማቅለሚያ አበባ ሲለቅሙ፣ ወንዶቹ ወፍ ሲያጠምዱ ያሳያል። የእጅ ጽሑፉ ኮፐንሀገን፣ ዴንማርክ ንጉሣዊ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል። የሰዎቹን አለባበስ ከዚያ ተመልከቺ፣ ከፊልም አትውሰጂ።

ደግሞም ቻስኪ ብቻውን ኩስኮን ለቆ በስተሰሜን ሩቅ ያለችው ኪቶ አይደርስም። ቅብብል ነው። ወደ ጣቢያው ሲቃረብ የፑቱቱ ቀንድ፣ ማለትም የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎል ይነፋል፣ ተቀባዩ ይወጣል፣ ጎን ለጎን እየሮጡ ቃሉን ይቀባበላሉ። በዚህ መንገድ መልእክት በቀን 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ እንደነበር ይነገራል። የታሪክሽ ምርጥ ጭንቀት እዚህ አለ፦ ሳልና ድካም የቆራረጠውን ቃል ተቀባዩ እንዴት ይሰማዋል?

«ደብዳቤውን አቀበለው» ያልሽውን አጥፊ፤ ኢንካዎች ፊደል አልነበራቸውም። የነበራቸው ኪፑ ነው፣ ከአንድ ወፍራም ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ባለ ቋጠሮ ክሮች። ቁጥሩ በዐሥር ቤት ነው። ከላይ መቶ፣ ከሥሩ ዐሥር፣ ከታች አንድ። የመቶና የዐሥር ቤት በተራ ቋጠሮዎች ብዛት ይቆጠራል፤ በታችኛው የአንድ ቤት ግን ከ2 እስከ 9 ያለው በክሩ ጥምጥም ብዛት ይታወቃል፣ 1 ደግሞ የራሱ የስምንት ቅርጽ ያለው ቋጠሮ አለው። ዜሮ ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ 203 ማለት ሁለት ቋጠሮ፣ ባዶ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ የተጠመጠመ ቋጠሮ። ባዶውን ያላስተዋለ 23 ብሎ ያነበዋል፤ ከጎኑ ካሉት ክሮች ጋር ያስተያየ ግን አይሳሳትም። የጎተራው ስርቆት የሚጋለጥበትን መንገድ ስትፈልጊ ሦስት ገጽ አባክነሻል፤ ይኸውልሽ።

አሁን ወደ ንግግሩ። «ዶሮ ሲጮኽ ተነሣች»፤ ዶሮውን ያመጡት ስፔኖች ናቸው። «ወንድሜ ብረት መዝጊያዬ»፤ ብረት አልነበረም። «እንጀራዬን ልብላበት»፤ ይውጣ። «የእንጀራ እናት» የሚለውን ግን ተይው፤ አማርኛ ሌላ ስም አልሰጣትም፣ ጤፍ የሚታየው አንባቢም የለም። ልጅቷ ኪፑ ጠባቂውን ሽማግሌ «አንተ» ማለቷን አንቺ በኬችዋ፣ በኢንካዎቹ ቋንቋ፣ አስበሽው ይሆናል፤ እዚያ እንደ እኛ ያለ የአክብሮት «እርስዎ» የለም። እኛ ጋ ግን ስድብ ይሆናል፣ «አንቱ» ትበል። ንጉሡን ደግሞ «ጃንሆይ» አትበዪ፣ የእኛን ቤተ መንግሥት ይዞ ይመጣል። ሳፓ ኢንካ ይባል።

ቀኑንም ተሳስተሻል። የኢንካው ንጉሥ አታዋልፓ ካሃማርካ ከተማ ላይ በስፔኖች የተያዘበትን ኖቬምበር 16 ቀን 1532 በዛሬው መቁጠሪያ ገልብጠሽ ኅዳር 7 አድርገሽዋል። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የመጣው 1582 ላይ ነው፤ ስፔኖቹ ያኔ ይቆጥሩ የነበረው ከእሱ በፊት በነበረው በዩልዮስ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ኅዳር 20 ቀን 1525 ዓ.ም. ይሆናል፣ የጽዮን ዋዜማ። ዐፄ ልብነ ድንግልም ያኔ በግራኝ አሕመድ ጦር እየተሳደዱ ነበር። ሁለቱንም ከመጽሐፉ ኋላ ባለው ማስታወሻ አስገቢያቸው እንጂ በገጸ ባሕርያቱ አፍ አታድርጊ።

ከሁሉ የጎዳሽ ፈረሱ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ የስፔኑ አዝማች የፒሳሮ 168 ሰዎች መጥተዋል፣ የተወሰኑት በፈረስ። ለታሪክሽ ልጅ ያ እንስሳ ስም የለውም፤ ከጭነት እንስሳቸው ከላማ ይበልጣል፣ መሬቱን ያንቀጠቅጣል፣ ጀርባው ላይ ሰው አለ። ገጹ ጥሩ ነው። ግን ከዚያ በፊት «እንደ ፈረስ ጋለበ» ብለሽ አራት ጊዜ ስለጻፍሽ፣ ሲመጣ አዲስ አይሆንም። አራቱንም ፈልገሽ አውጪና ምዕራፉን ብቻውን መልሰሽ ላኪልኝ።

አባትሽ