ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት የክፍል ረዳት ይመደብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ሲታሰብ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት ከእኩዮቻቸው ጋር ሊማሩ እንደሚገባ በየመድረኩ ይነገራል። በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርት እንደመሆኔ፣ ይህ ቃል በክፍል ውስጥ ሥራ ላይ እንዲውል ምን እንደሚጎድል ለአንባቢያንና ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች ማስረዳት እወዳለሁ።

ዘንድሮ ከተረከብኳቸው ተማሪዎች አንዱ ኦቲዝም ያለበት የ7 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ሁለት የግል ትምህርት ቤቶች «ሌሎቹን ይረብሽብናል» ብለው መልሰዋታል። የእኔም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዚያ የተሻሉ አልነበሩም፤ ደወል በተደወለ ቁጥር ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ዴስክ ሥር ሲገባ፣ ያልተቀጣ ልጅ መስሎኝ ተቆጥቼዋለሁ፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ያሳዝነኛል። በኋላ እናቱን ቁጭ አድርጌ ሳነጋግራት፣ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ከመነሣቱ በፊት አስቀድማ እንደምትነግረው አስረዳችኝ። ከዚያ ወዲህ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱን፣ አማርኛውን፣ ሒሳቡን፣ ዕረፍቱንና ምሳውን በየተራ በካርቶን ላይ ሥዬ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ሰቀልኩ። ያለቀውን ራሱ ይገለብጠዋል፤ ደወሉ ሲቃረብም የደወሉን ሥዕል በጣቴ አመለክተዋለሁ። አሁን ጆሮውን ይደፍናል እንጂ ዴስክ ሥር አይገባም።

በምገባ ሰዓትም ወጡ እንጀራው ላይ ከፈሰሰ ፈጽሞ አይነካውም ነበር። ከመጋቢ እናቶቹ አንዷ ወጡን ለብቻው በሳህን ስታቀርብለት ጥርግ አድርጎ በላ፤ «መራጭ ነው» ተብሎ ቢተው ኖሮ ጦሙን ይውል ነበር። አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ ማንም ሳያስተምራት «ቲቸር፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ አትንገሪው» ብላ እኔኑ አርማኛለች። እኩዮቹ ይሸሹታል ብለው ለሚሰጉ ወላጆች ይህችን ልጅ ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

ይሁንና በክፍሌ ከ50 በላይ ልጆች አሉ። ልጁ ድንገት ተነሥቶ ወደ ግቢው በር ሲሮጥ፣ ወይ እሱን ለአደጋ ማጋለጥ ወይ ሌሎቹን ያለ ጠባቂ ትቶ መውጣት ግድ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ለእናቱ ስልክ ይደውላል፤ እሷም የጉሊት ሥራዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ መጥታ ከምሳ በፊት ይዛው ትሄዳለች። በስም መጥሪያው ላይ ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ እንደተገኘ ሆኖ ይመዘገባል።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 24፣ የሚያስፈልጋቸው ድጋፍ በመደበኛው የትምህርት ሥርዓት ውስጥ እንዲሰጣቸው ያዛል። በ2013 ዓ.ም. በሞት የተለዩን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ፣ ኦቲዝም እንደ እርግማን በሚታይበት አገር ለእነዚህ ልጆች በር ከፍተዋል። ነገር ግን በጣት የሚቆጠሩ ማዕከላት የሁሉንም ልጅ ሸክም ሊሸከሙ አይችሉም፤ ብዙዎቹ ልጆች ያሉት በየሰፈራቸው ነው፣ በቅርብ የሚያገኙትም እንደ እኛ ያለውን ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ በቅድመ አንደኛ ደረጃ ክፍሎች ሞግዚትና ረዳት እንደሚመደበው ሁሉ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ባለበት የአንደኛ ደረጃ ክፍልም አንድ ረዳት እንዲመደብ እጠይቃለሁ። የልዩ ፍላጎት ባለሙያዎች ከቢሮ በየጊዜው ወደ ክፍል ወርደው እኛንና ረዳቶቹን ቢያሠለጥኑ ደግሞ፣ እኔ ወራት የፈጀብኝን ሌላው መምህር በሁለት ሳምንት ይደርስበታል።

ልጁ በመስከረም ወደ ሁለተኛ ክፍል ያልፋል። የሥዕል ካርቶኑንና እናቱ የነገረችኝን ሁሉ በጽሑፍ አድርጌ ለምትረከበው መምህርት አስረክባታለሁ። የረዳት መደቡ ግን ከትምህርት ቤታችን አቅም በላይ በመሆኑ፣ ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምረው የበጀት ዓመት ሳይገባ የትምህርት ቢሮው በዕቅዱ ውስጥ እንዲያካትተው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የአንደኛ ክፍል መምህርት
ከአዲስ አበባ