የተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ ባለ አምስት መስመሯ የጅረት ዳር እንሽላሊት

ክበባችን በጥቅምት ሥራ ሲጀምር የአባላቱ ማስታወሻ ደብተር ከግቢያችን ጀርባ ወደ ባሮ በሚወርደው ጅረት ዳር ሁለት ዓይነት እንሽላሊት እንዳለ ይገልጽ ነበር፤ አንደኛዋ በጠቆረ ጀርባዋ ላይ አምስት ነጣ ያሉ መስመሮች ያሏትና ጅራቷ ደማቅ ሰማያዊ የሆነች፣ ሌላው ደግሞ መስመር የሌለው፣ የአንገቱ ጎን በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎረ ቡናማ ነው። በሰኔ ደብተሩ ሲዘጋ ግን ሁለቱ አንድ ዝርያ መሆናቸው ተጽፎበታል።

እንሽላሊቷ ስኪንክ ከሚባለው ወገን ስትሆን ሳይንሳዊ ስሟ ትራኪሌፒስ ኩዊንኬቴኒያታ ነው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን «ባለ አምስት መስመር» ማለት ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሊክተንስታይን እ.ኤ.አ. በ1823 ለሳይንስ ያስተዋወቃት ከግብፅ በተገኘ ናሙና ሲሆን፣ የባሮ ውኃም በሶባትና በነጭ ዓባይ በኩል ዞሮ እዚያው የሚደርስ መሆኑ ተማሪዎቹን እጅግ አስደስቷቸዋል።

በኅዳር አንድ አባል ግልገሏን ለመያዝ ሲሞክር ጅራቷ ተቆርጦ በእጁ ላይ ሲወራጭ ቀረ። ልጁ በጣም አዘነ፤ እኔም አስቀድሜ ባለማስጠንቀቄ ተጸጽቻለሁ። ደማቁ ቀለም የአዳኝን ዓይን ከጭንቅላት ወደ ጅራት የሚስብ መሆኑን፣ የተቆረጠው ጅራት በአጥንት ሳይሆን በልምአጥንት ተደግፎ እንደሚያድግ፣ በውስጡ የተከማቸው ስብ ግን አብሮ እንደሚጠፋ የተማርነው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማንም እንዳይነካ፣ ከርቀት አይቶ እንዲስል ብቻ ተወሰነ።

ዋናውን ግኝት ያስገኘውም ይኸው ሥዕል ነው። በየካቲት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ድንጋዩ በፀሐይ ሲሞቅ ሁልጊዜ የሚወጣ፣ ተቆርጦ እንደገና ያደገ አጭር ጅራቱ ከሌሎቹ የሚለየው አንድ እንሽላሊት መስመሮቹ እየደበዘዙ መሆናቸውን አስተዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳታቋርጥ ሳለችው፤ በግንቦት መስመሮቹ ጠፍተው የአንገቱ ጎን ተዥጎረጎረ። ወንዱ ሲጎለምስ መስመሩን እንደሚያጣ፣ ሴቷ ግን እንደያዘች እንደምትቆይ መጻሕፍት የሚናገሩትን ይህች ልጅ በራሷ እርሳስ ደርሳበታለች፤ በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ትዕግሥት እምብዛም አላየሁም።

እንሽላሊቷ መርዝ እንደሌላት አባላቱ በየቤታቸው አስረድተዋል። ድንጋይ ይወረውሩባት የነበሩ ትንንሽ ልጆችን አሁን የሚከለክሏቸው የግቢያችን ዘበኛ ናቸው። ለግንባታ ተብሎ ከጅረቱ ዳር የሚጫነው ድንጋይ ግን ያሳስበናል፤ የምትሞቀውም የምትደበቅበትም እርሱ ነውና። እንቁላሎቿን እስካሁን አላገኘንም። ሥዕሎቹ በቅደም ተከተል ተጠርዘው ለቤተ መጻሕፍቱ ተሰጥተዋል።