የኤሌክትሪክ አደጋ ቁጥር ከወር ወር ብቻ ተነጻጽሮ አይነበብም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

በሥራ ቦታ ስለሚደርስ የኤሌክትሪክ አደጋ የሚቀርቡ ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ «ካለፈው ወር ጨምሯል» ወይም «ቀንሷል» በሚል ቃል ይደመደማሉ። በፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ረጅም ዓመታት የቆየሁ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ይህ አነባበብ የሚያስከትለውን ስህተት ለማሳየት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የሁለት ወር ቁጥር አዝማሚያ አያሳይም። በአንድ ድርጅት በወር በአማካይ 4 ክስተት ይመዘገባል እንበል። ክስተቶቹ እርስ በርስ የማይያያዙ ከሆነ የተለመደው መዋዠቅ የአማካዩ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 2 ነው። አሜሪካዊው ዋልተር ሸዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 ለፋብሪካ ምርት ቁጥጥር ባቀረበው ሠንጠረዥ መሠረት የዚህን ሦስት እጥፍ በአማካዩ ላይ ስንደምር በአጋጣሚ ብቻ ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቀው ቁጥር ጣሪያ 10 ይሆናል። እንግዲህ 7 ክስተት በተመዘገበበት ወር ሠራተኛውን ሰብስቦ መገሠጽም ሆነ 2 በተመዘገበበት ወር ምስጋና ማደል ዕድልን መቅጣትና መሸለም ነው። በአንጻሩ ቁጥሩ አንድም ጊዜ 10 ሳይደርስ ስምንት ወር በተከታታይ ከ4 በላይ ከሆነ፣ አንድ ነገር መለወጡን የሚያመለክት ስለሆነ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

የሥራ ሰዓትም አብሮ ይቆጠር። በ60,000 የሥራ ሰዓት 6 ክስተት፣ በቀጣዩ ወር ደግሞ በ100,000 ሰዓት 9 ክስተት ቢመዘገብ፣ ብዛቱ ጨመረ እንጂ በ200,000 ሰዓት (100 ሠራተኞች በዓመት በሚሠሩት ሰዓት ገደማ) ሲሰላ ምጣኔው ከ20 ወደ 18 ወርዷል።

ከስሌቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ወደ ስሌቱ ሳይገባ የሚቀረው ነው። አንድ ባልደረባዬ በእጁ የያዘው ግራይንደር ነዘረውና ገመዱን አገላብጦ አየ፤ የተላጠውን ቦታ በናስትሮ ጠቀለለና ሥራውን ቀጠለ። ለማንም አልተናገረም፤ በመግቢያው በር ላይ «ያለ አደጋ ያለፉ ቀናት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበርና ቁጥሩን ወደ ዜሮ የሚመልሰው ሰው መሆን አልፈለገም (እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ምናልባት ዝም እል ነበር)። ሆኖም 1 ሚሊአምፔር አካባቢ ሲሆን ገና የሚሰማን ኮረንቲ ወደ 10 ገደማ ሲደርስ ጡንቻን አኮማትሮ የያዙትን አላስለቅቅ ይላል፤ ከ30 በላይ ሆኖ ከቆየ ደግሞ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ያው የተላጠ ገመድ አንዱን ነዝሮ ሌላውን ቢገድል፣ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የእጅ ላብ፣ እርጥብ ወለል ወይም የጫማ ሶል ነው። ስለዚህ ቀላሉ ንዝረት ካልተመዘገበ ሠንጠረዡ የሚያሳየን የደህንነትን ሳይሆን የዝምታን አዝማሚያ ነው።

በዚህም ምክንያት ሪፖርት ማድረግ በተበረታታበት ሰሞን የቀላል ክስተቶች ቁጥር ማሻቀቡ ሊያስደነግጥ አይገባም። ቀላሉና ከባዱ ተለያይተው በየራሳቸው መስመር ይቀመጡ። እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርሰው ከባድ አደጋ በወር ቢቆጠር ዜሮ በዜሮ ስለሚሆን፣ በሁለት አደጋዎች መካከል ያለፉትን ቀናት መመዝገብ ይሻላል። ይህ ከበሩ ሰሌዳ የሚለየው ያለፉት ክፍተቶች ሁሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሚታዩ ነው።

መዝገቡ ራሱ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ እመርጣለሁ። ቀንና ሰዓት፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ ቮልቴጁ፣ ብሬከሩ ወርዶ በቁልፍ ተዘግቶ እንደነበር፣ መስመሩ ባዶ መሆኑ በቴስተር መረጋገጡ፣ ግራውንዱ (የመሬት መስመሩ) መኖሩ ይጻፍበት። የሠራተኛው ስም ግን በዚያ ገጽ ላይ ባይኖር ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ