እማዬ፣ ስለዚያ ወረቀት

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? እኛ ደህና ነን።

በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ሞክሬ ነበር። «ስለሷ ከሆነ አልሰማም» ብለሽ ዘጋሽብኝ። መሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠረሽ ለዚህ ቀን መሰለኝ። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው። ለጎረቤት ግን አታስነብቢ።

ነገሩ የአባዬ ኑዛዜ ነው። ሚጡ የከሰሰችው እኔን ሆኖ ሳለ ከኔ በላይ የተቆጣሽው አንቺ ነሽ። «የአባቷ ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ፍርድ ቤት ሮጠች» ማለትሽን አክስቴ ነገረችኝ። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። በኋላ ሳጣራ አፈርኩ። ለካ ኑዛዜ ይፍረስ የሚል ሰው ቃሉን ከሰማ በኋላ ተቃውሞውን የሚያሳውቅበት 15 ቀን ብቻ ነው ያለው። ክሱን ደግሞ ከዚያ በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። በአርባው ማግስት ያነበብንላት እኛው ነን። ታዲያ እስከ ሙት ዓመቱ ትጠብቅ?

አሁን እስከዛሬ የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ያን ቅዳሜ አንቺ ማጀት ቡና ታፈዪ ስለነበር አላየሽም።

አባዬ ቤቱን ለእኔ እንደሚተው የነገረኝ ለብቻዬ ነው። እኔ ደግሞ ሄጄ ፍርድ ቤት በር ላይ ለሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነገርኩት። ጸሐፊው የአባዬን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። «አራት ስም ካለበት አይነኬ ነው» ብሎ ብሩን ተቀበለኝ። የተተየበውን ይዤ መጣሁ። ሦስቱ ምስክሮች ቡናቸውን ጠጥተው ፈረሙ። አባዬ «ያው ያልኩህ ነው፣ አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጣቱን ይዤ ቀለሙ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ድምፁን አውጥቶ ያነበበ ሰው የለም። አራተኛው ምስክር፣ የእድሩ ዳኛ፣ የዚያን ዕለት ለቅሶ ነበረባቸው። የፈረሙት በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ በራችን ላይ ቆመው፣ ወረቀቱን ግንቡ ላይ አስደግፈው ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 881 አነበብኩት። ከ1952 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው፤ እኛ ነን ያላወቅነው። ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች ባሉበት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያው ይፈራረማሉ። ይህ ካልተደረገ ዋጋ የለውም። የኛ ወረቀት ላይ «ተነበበ» የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ጠበቃው «አራታችንም አንድ ላይ ነበርን ይበሉ፣ ያልቃል» ይለኛል። የእድሩ ዳኛ ትናንት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እኔ ምለህ መስክር ስባል ምን ልበል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። አባዬን የቀበሩልን እሳቸው ናቸው እኮ፣ እማዬ።

«የሟች ቃል አይታጠፍም» ትያለሽ። አባዬ ቤቱ ለእኔ እንዲሆን ፈልጎ ነበር፣ በዚህ አልዋሽሽም። ሰርቪሶቹ በኔ ብር ስለተሠሩ ይመስለኛል። ግን ሚጡን ሲነቅላት አንድ ምክንያት እንኳ አላጻፈም፤ ልጅ ደግሞ ያለምክንያት ከውርስ አይነቀልም። ንዴቱ እንደሆነ እሷ ያገባች ጊዜ የጀመረው ነው። ያንን ንዴት ደግሞ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ወረቀቱ «ቤቴን በሙሉ» ይላል። ካራቆሬ ባህር ዛፍና ጅብ ብቻ በነበረበት ጊዜ ጭቃ ያቦካሽው አንቺ ነሽ። ካርታው በአባዬ ስም ቢሆንም ቤቱ በትዳራችሁ የተፈራ ነው፤ ግማሹ ያንቺ ነው። አባዬ ያንቺን ግማሽ ሊያወርሰኝ አይችልም። እኔ ያን መስመር ሳስተይብ አንቺ ትዝም አላልሽኝ። ይቅር በይኝ። ኑዛዜው ከፈረሰ ግማሹን አንቺ ትይዣለሽ፣ የአባዬ ግማሽ ለሚጡና ለኔ ሩብ ሩብ ይደርሰናል።

ስለዚህ አልከራከርበትም። ለጠበቃው ነግሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬን ማንሳት ትቷል። ሰርቪሶቹ ላይ ያወጣሁትን ከሚጡ ጋር እንነጋገርበታለን። ደረሰኝ የለኝም፣ የብሎኬቱና የቆርቆሮው ሒሳብ ግን ያንቺ ደብተር ላይ አለ። አደራ አትጣይው።

እሁድ ከቱሉ ዲምቱ በጠዋት እነሳለሁ። ሚጡን አየር ጤና ላይ አገኛትና አብረን እንመጣለን። ከአርባው ወዲህ ግቢውን አልረገጠችም። ጾም ነው፣ ብዙ አትድከሚ። ሽሮ ይበቃናል።

ልጅሽ